በአንድ እፍኝ በርበሬ የሸጥነው ልጅ

ሦስተኛውን ልጃችንን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለጎረቤት ሸጥነው። ዋጋው አንድ እፍኝ በርበሬ ነበር። ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ያኔ ግን ማንም አልደነገጠም፤ ልጅ አልበረክት ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር።

እኛ የመስቃን ሰዎች ነን። መሬት ጠበበን። ከወልቂጤ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ አንድ ባለመሬት ጫካ መንጥሮ ለሚያርስ ይሰጣል ሲባል ሰማንና ሰባት አባወራ ሆነን ወረድን። ያኔ ገና የጃንሆይ ጊዜ ነው። ከምርቱ እኩሌታው የባለመሬቱ፣ እኩሌታው የእኛ ተባልን። የእንሰት ችግኝ በጀርባችን ተሸክመን ነው የሄድነው። ቤቱ የት እንደሚቆም፣ ከብቱ የት እንደሚውል፣ ሁሉንም ተነጋግረን ጨርሰናል። መቃብር ግን ማንም አላነሳም። ሁላችንም ወጣቶች ነን፤ ማን ይሞታል?

መቃብሩን የከፈተው የእኔ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። ጎረቤቶቼ «እዚህ ይሁን»፣ «የለም፣ እዚያ ጎርፍ ይመጣል» እያሉ ሲከራከሩ፣ እኔ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ይዤ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። አራት ወር ኖረች። መሳቅ ከጀመረች በኋላ ነው ሰውነቷ በትኩሳት ተቃጥሎ የሄደችው። ከወንድሟ ጎን አስተኛናት። ቆላው ወባ እንዳለበት ባለመሬቱ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሦስተኛው ሲወለድ አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከመስቃን ሦስት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ይህን ልጅ እንሸጠዋለን» አሉ።

«ለማን?» አልኩ።

«ለጎረቤትህ ሚስት ነዋ! ሰባት ወልዳ ሰባቱም ቆመውላታል። ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ የሚቀማው ክፉ ነገር ቤቱን ለይቶ ያውቃል ይባላል። ስለዚህ ልጁ የሌላ ሰው ይደረጋል። እናትየው እንደ ሞግዚት ታጠባለች። አባትየው ልጄ አይልም፤ አቅፎ ከደጅ አይወጣም። የተከፈለው በርበሬ በቅል ተደርጎ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ አይበላም። ልጁ በእግሩ ሲሄድ በርበሬው ይመለስና ልጅ ለባለቤቱ ይሆናል።

እኔ በባሕርዬ ግትር ነኝ። በሬ ከመንገድ ይወጣል እንጂ እኔ አልወጣም ይሉኛል። «አላህ በበርበሬ ይታለላል?» አልኳቸው።

«አላህን ማን አታልላለሁ አለ? ያንን ሌባ ነው እንጂ» አሉ አማቴ። «አንተ ሁለቱን በግትርነትህ አቆየሃቸው?»

ተነሥቼ ቅል ፍለጋ ወጣሁ። ከእኛ ጋር የወረደው ቁርአን የቀራው ሰውዬ ሐራም ነው ብሎ መጣ። አማቴ «የአንተ ስንት ሞተብህ?» አሉት። አንድም አልሞተበትም። ተመልሶ ሄደ።

እንግዲያስ ተሸጠ። ጎረቤታችን ደግሞ ሳቂታ ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ከበራችን ቆማ «እናንተ ሰዎች፣ ልጄ እንዴት አደረ?» ትለናለች።

«ልጅሽ ሲያለቅስ አድሮ አላስተኛንም፤ ነይ ውሰጂው!»

«አስተኙልኝ እንጂ! ለዚህ አይደል ያስቀመጥኳችሁ?»

ሚስቴ ትስቃለች። ሁለቱ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ልጁ ዳኸ። እየዳኸ መጥቶ ጉልበቴን ይዞ ይቆማል፤ ጢሜን ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። እኔ ሰው ካለ ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ከሌለ አንድ ጊዜ አስይዘውና አስለቅቀዋለሁ። አንድ እግሩን ማንሳት ጀምሮ ነበር። ቅሉን አየት አድርጌ ትንሽ ቀረው እላለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ ልጁን አተኮሰው። ጎረቤታችን ያን ሰሞን ከባሏ ጋር ወንዙን ተሻግራ ለእህቷ ለቅሶ ሄዳለች፤ ወንዙ ሞልቶ መመለሻ አጥታ ቀርታለች። ወልቂጤ ክሊኒክ አለ። ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ልጁን ላነሳው እጄን ስዘረጋ ሚስቴ ያዘችኝ።

«የሷ ነው! አንተ ይዘኸው ከወጣህ አባቱ መሆንህ ይታወቃል። እሷ ትምጣና ትውሰደው።»

«ይሞታል እኮ።»

«የሚሞተውስ አንተ ልጄ ካልከው ነው። እባክህ! ሁለቱ ሲሞቱ ዝም ብዬሃለሁ፤ ይህን አንድ ስማኝ።»

ሰማኋት። በሕይወቴ ማንንም ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ሰማሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ወንዙ ዳር እየሄድኩ የውኃውን ልክ ሳይ ዋልኩ። ስመለስ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስሄድ ውኃው እንደዚያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ውኃው ጎደለና ጎረቤታችን መጣች። እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር አንስታው መንገድ ጀመረች። እኔ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዋ ሆኜ፣ እንደማያውቃት መንገደኛ ተከተልኳት። ወልቂጤ ስንደርስ ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ መርፌ ወጊ፣ ልጁን አየና ፊቱን አጠቆረ። ከሰሜን የመጣ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው።

«ከታመመ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት» አለች እሷ።

«እስካሁን የት ነበራችሁ? አባቱ የታለ?» ብሎ በሩ ላይ የቆምኩትን አየኝ። «አንተ ነህ?»

እሷም ዞራ አየችኝ። እንዲህ ወይም እንዲያ በል አላለችኝም።

«ጎረቤት ነኝ» አልኩ።

መርፌ ወጋው። «ትናንት ብትመጡ ኖሮ» ብሎ የቀረውን ተወው። ስንመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ዳገቱን ጨርሰን ሰፈራችን ሲታይ ጎረቤቴ ቆመች። እስክደርስባት ጠበቀችኝና ልጁን ዘረጋችልኝ።

«እንካ። ያንተ ነው።»

ተቀብዬው ሰውነቱ ሲቀለኝ ነው መሞቱ የገባኝ። ከደጅ ወጥቼ ያቀፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሲቀበር የጎረቤቴ ባል ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ልብሱን ሰበሰበ። ልጁ በሰው ፊት የእሱ ነዋ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ደንቡን ሊጨርስልን ነው። ገፋሁት።

«ዞር በል። ልጄ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሁሉም ሰማ። ወርጄ ከእህቱ ጎን አስተኛሁት።

ቤት ስገባ ሚስቴ ቅሉን ከምሰሶው አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ልጄ ነው አልክ?»

«አልኩ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ቅሉን መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ «አንተ ግትር አልነበርክ?» አለችኝ። «ምነው ያን ቀን እኔን ባልሰማኸኝ!»

ከዚያ በኋላ አራት ወለደችልኝ፤ ሁለቱ አሉ። አንዱንም አልሸጥንም። እሷም ካለፈች ቆየች። ሰው ሁሉ ሲከራከረኝ የምመልሰው አላጣም። ለዚያች ጥያቄዋ ግን ያን ቀንም አልመለስኩላት፤ እስክትሞትም አልመለስኩላት።