አራት ጊዜ የማለ ባል

መጀመሪያ የተሰማኝ ሽንት ስሸና ማቃጠል ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ ውስጥ አስተምር ነበር። በእረፍት ሰዓት ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተር ስለማርም ጥፋቱን በድንጋዩ ላይ ጣልኩት። እኛ ዘንድ ጨብጥ ከትኩስ ድንጋይ ይነሣል ይባላል። ሦስት ሳምንት ጥላ ጥላውን እየመረጥኩ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ "ጨብጥ ነው። ድንጋይ አያመጣውም፤ ከሰው ነው የሚተላለፈው። ባለቤትሽም ይምጣ" አለኝ።

ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም። ወጣሁ። ገበያው ሞልቷል። ድምፁ አይሰማኝም።

ባሌ ክትባት ይዞ ደሃናና ፃግብጂ ወረዳዎችን የሚዞር የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነው። ለፍየሉ ሁሉ መርፌ ነበረው፤ ለራሱ ግን አጣ። ሁለታችንም ታከምን። ኤች አይ ቪም ተመርምረን ነጻ ተባልን፤ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ አሉን፤ ደገምን።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ባሌ ሁለተኛ ሌላ ሴት ጋ አልሄድም ብሎ በሚካኤል ማለ። "ምሏል እኮ ልጄ፤ ማሪው እንጂ" አሉኝ። ማርኩት። ደገመ። ማለ። አራት ጊዜ።

እንቅልፍ ጠፋ። እህል አልወርድ አለኝ። ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዤ እፈዛለሁ፤ የተማሪዎቹ ድምፅ ከጭጋግ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይርቀኛል፤ መንገድ ስሄድ ተራራው ራሱ ከቦታው ፈቀቅ ያለ ይመስለኛል። ያበድኩ መሰለኝ።

አንድ ቀን ባሌ አልቅሶ "ማቆም አቃተኝ" ሲለኝ፣ ሆስፒታሉ አዲስ ወደ መጣችው የሥነ አእምሮ ነርስ አብረን ሄድን። ሲስተር ቀድማ የጠየቀችው እኔን ነው። "አንቺስ እህቴ፣ እንዴት ነሽ?" ከሽማግሌዎቹ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አለቀስኩ። የእሱን የወሲብ ሱስ፣ የእኔን ትራውማ፣ የአእምሮ ቁስል ነው አለች። "ሕመም ነው፤ ጥፋትም ነው። ሁለቱንም ይሸከማል።" ወደ እኔ ዞራ፣ "ከእንግዲህ አታስምዪው። ሲምል ይቀለዋል፤ ሲቀለው ወደዚያው ይመለሳል። የዛሬውን እውነት ብቻ ይንገርሽ" አለችኝ።

በየሳምንቱ ለየብቻችን፣ በየወሩ አብረን እየተመላለስን፣ እሱ የሚፈተንበትን መንገድና ሰዓት መለየት፣ እኔም እንደገና መተኛትና መሳቅ ስንማር ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ጉም ወርዶ ከተማው በደመና ውስጥ የሚዋኝ ሲመስል፣ ከደሃና ርሶ ገባና ሳይቀመጥ፣ "ዛሬ ልወድቅ ነበር፤ የአንዲት ሴት ደጅ ደርሼ ነው የተመለስኩት" አለኝ። ተናደድኩ። ግን ማንም ሳያስገድደው የነገረኝ የመጀመሪያው እውነት ነበር። አመንኩት።

ለዚያች ነርስ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። በእኔ ቦታ ያላችሁ እህቶች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ ተመርመሩ። ባልሽ እስኪድን አትጠብቂ፤ የአንቺ ቁስል የራሱ ሐኪም ይፈልጋል። እኔ ቆየሁ፤ ብትሄጂ አልፈርድብሽም። ብቻ ድነሽ ሂጂ።