ባጎረሱኝ እናት ፊት

ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ ለቅሶ ሄድኩ። የሞቱት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የልጅነት ጓደኛዬ የከድር እናት። ሚኒባሱ የአገናን ከተማ አልፎ የደጋው ጭጋግ ውስጥ ሲገባ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ በልጃቸው ላይ የሠራሁት ነገር ትዝ አለኝ።

እናቴ ገበያ ስለምትውል ያደግኩት እትዬ ዘይነባ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ከከድር ጋር ከአንድ ገበታ በልተናል፤ አንድ ጥንድ ታኬታም ተራ በተራ ተጫምተናል። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለሙከራ ሲጠራን አሰልጣኙ ከሁለታችን አንዱን ብቻ እንደሚያስቀር ነገረን። በሦስተኛው ቀን ለብቻዬ ጠራኝ።

«የተጎዳ ጉልበት ደብቀህ ነው አሉ የመጣኸው።»

«ማን አለ?»

«ጓደኛህ።»

ጉልበቴ ከዳነ ዓመት አልፎት ነበር፤ የሚያምነኝ ግን አጣሁ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ከድር በሩ ላይ ቆሞ፣ «አይዞህ ሙራዴ፣ ሁሉም ለኸይር ነው» አለኝ።

ያን ክረምት በጉብሬ መንገድ ጭቃ ላይ የሮጥኩት ለኳስ ፍቅር ብዬ አይደለም። ቂም ከማለዳ ይቀሰቅሳል፤ ዝናብም አያግደውም። በዓመቱ ሌላ የሊጉ ክለብ ወሰደኝና ከድርን ካስቀረው ክለብ ጋር ወልቂጤ ላይ ተገናኘን፤ እኔ በቀኝ ክንፍ፣ እሱ በግራ ተከላካይነት። እትዬ ዘይነባም ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ሊያዩ መጥተው ነበር።

ከድር በግራው በኩል ሲዞር እንደሚዘገይ ከልጅነታችን አውቃለሁ። በዚያው ሁለቴ አለፍኩት። በሦስተኛው ኳሷን በእግሮቹ መሃል አሾልኬ አገባሁ። ያ በቂ ነበር። እኔ ግን በሚቀጥለው ኳስ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሲደርስ እንደገና አለፍኩት። ሕዝቡ ሳቀበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አሰልጣኙ ቀየረው። እንባውን በማሊያው እየጠረገ ሲወጣ ተጠጋሁና፣ «አይዞህ፣ ሁሉም ለኸይር ነው» አልኩት።

ከጨዋታው በኋላ አንድ ጥበቃ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ መልበሻ ክፍል ድረስ አመጣልኝ።

«አንዲት እናት ናቸው። ‹የሙራድ ድርሻ ነው፤ ሳይበላ እንዳይሄድ› ብለዋል።»

ወጥቼ ላመሰግናቸው እችል ነበር። አልወጣሁም። ምግቡን ለጓደኞቼ ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲህም ቤታቸውን አልረገጥኩም።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከድር ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ሸበት ብሏል። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እውነቱን ልናገር፤ እሱን በማዋረዴ ዛሬም አልተጸጸትኩም፤ ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቆሜ ስጠብቀው ቀና ብዬ የእትዬ ዘይነባን ነጭ ሻሽ ከሕዝቡ መሃል አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ደግሜ ያለፍኩት።