የምድር ቤቱ እርምጃ

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ቴፕ» ይላታል። ዕድሜዋን የፈጀችው ዘመን የጣላቸውን የኮምፒውተር ቴፕ ማንበቢያዎች ስትጠግን ነው፤ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ፣ ሲነሱ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ የሚያጓሩ ማሽኖች። ጎማቸው ቀልጦ እንደ ሙጫ ሲጣበቅ ፍቃ ታወጣና በልኩ ሌላ ትሠራላቸዋለች። እርጥበት የበላውን ቴፕ ለብ ባለ ምድጃ ታደርቀዋለች። «አንቺ እኮ ሙት ታስነሻለሽ!» ሲሏት ትስቃለች።

አንድ ጊዜ ከተዘጋ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ የመጡ ቴፖች ጠረጴዛዋ ላይ ተቆለሉ። ጣቢያውን ታውቀዋለች። አባቷ በሕይወት ሳለ የዚያ ዘበኛ ነበር፤ መለኪያው የተተከለበትን ምድር ቤት ጠዋት ጠዋት ወርዶ የሚያይ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ቴፕ ጫነች። ስክሪኑ ላይ የመሬቱን ንዝረት የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ ሄደና ጠዋቱ ላይ ሲደርስ ዘለለ። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አባቷ አንድ እግሩን ያነክስ ነበር። የሩቅ አገር መናወጥ የሚሰማ መለኪያ አጠገቡ የሚረግጠውን ሰው እንዴት ይለፈው?

ከዚያ ወዲህ ሥራ መግባት ናፈቃት። ቴፕ በጫነች ቁጥር አባቷ ይወርዳል፣ መለኪያውን ይዞራል፣ ይወጣል። ያረፈበት ወር ቴፕ ሲደርስ፣ እንግዲህ መስመሩ ጸጥ ሊል ነው ብላ ልቧን አጸናች። በቀብሩ ማግስት ጠዋት፣ በለመደው ሰዓት፣ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል።

ቴፖቹን ያመጣላትን ተመራማሪ ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናላ፣ እትዬ።»

«ሌላ ጣቢያ ከመዘገበው መንቀጥቀጥ ጋር አመሳክሬዋለሁ። ልክ ነው።»

«ታዲያ ተተኪው ዘበኛ ነዋ።»

«ተተኪ አልተቀጠረም። ቴፕ ቀያሪው ደግሞ ላይኛው ክፍል ገብቶ ይወጣል እንጂ ምድር ቤት አይወርድም። ከአባቴ በኋላ ያን በር የከፈተ የለም።»

ተመራማሪው ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «እንግዲያው… ምልክቱ ከመንቀጥቀጥ ስላልመጣ እናጥፋው?»

«እንዳትነካው!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት።

በማግስቱ ምልክቱን ወደ ድምፅ ቀይራ ወደ እናቷ ሄደች። አሮጊቷ ዓይናቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። አሰማቻቸው።

«አባትሽ ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ከተቀበረ በኋላ ነው።»

ፈገግታቸው አልጠፋም። «እና ምን ያስደነግጥሻል? እዚህስ መቼ አቋረጠ? ጠዋት ጠዋት በኮሪደሩ እያነከሰ ሲወጣ ስሰማው ኖሬያለሁ። አንቺ ልጅ ስለነበርሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጣቢያው ሲዘጋ ነው የጠፋብኝ። የት እንደቀረ ካወቅሽ ንገሪኝ።»

እትዬ ቴፕ ቴፖቹን አንድም ሳትቀንስ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ ጨረሰች። በመጨረሻው ላይ፣ ጣቢያው በተዘጋ ዕለት፣ እርምጃው ወረደ። መለኪያውን አንዴ ዞረው። አጠገቡ ቆመ። ቴፑ ተሽከርክሮ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ አልወጣም።

ማታ እናቷ «እህ?» አሏት።

«ሥራው ላይ ነው፣ እማዬ» አለቻቸው።