ዓሣ ማጥመጃ ይዞ ጋራ የወጣው መምህር

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ወደኔ ዘረጋው። በራሴ ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የምነጋገርበት የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ ወጥቷል። በሞገድ ላይ የምጠራበት፣ የኔ ብቻ የሆነ መለያ ተሰጥቶኛል። እንደ ጥጃ ቦረቅኩ። እናቴ ደሞ ይቺ ምን ሆነች አለች። በደስታዬ መሃል ትዝ ያሉኝ ግን የአባቴ አባት፣ አባባ ይመር ናቸው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው በጥርጣሬ ነውና።

ልጅ እያለሁ፣ አሁንስ ምንሽ አደገ አትበሉኝና፣ ቅዳሜና እሁድም ትምህርት ሲዘጋም የምላከው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በወግዲ መንገድ ጋራ ስር ወዳለው የአባባ ቤት ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ጉሙ ጠዋት ጠዋት ጋራው ላይ ይተኛና ረፋዱ ላይ ጠብ ሳይል ይሄዳል። ገብሱ ጫፉ ቢጫ ሆኖ፣ ማሳው የሚሸተው አቧራ አቧራ ነው። ቲቸር አራጋው ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት የጀመረው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ቲቸር ከተማው ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ነበር። ይዞት የሚመጣው ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። አስቡት፤ ዓባይ ያለው ቁልቁል፣ እሱ የሚሄደው ሽቅብ። ምን ሊያጠምድ ነው ያላለ የለም። ገሚሱ ወርቅ ፈላጊ ነው አለ፣ ገሚሱ ሰላይ። በሬ ጠፍቶበት ጋራ የወጣ ጎረቤታችን ግን የባሰውን ይዞ ወረደ፤ ሰውየው ዘንጉን አቁሞ፣ ሽቦ አንጠልጥሎ፣ ከትንሽ ሣጥን ጋር በማይታወቅ ቋንቋ ሲነጋገር አይቶታል። ጉሙም ያኔውኑ ተበትኗል። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ይመልሰው? ዝናቡን የያዘው ሽቦው ነው ተባለ። እኔም አመንኩ። ቲቸር ከጋራው ሲወርድ አጥር ስር ተደብቄ ጫማውን አያለሁ፤ ጭቃ ከነካው ዝናቡን የደበቀበት ቦታ አለ ማለት ነዋ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶቹ ዱላ ይዘው ተነሱ፤ ሣጥኑን ሰብረው እሱንም ዳግም ላይመለስ ሊያባርሩት። አባባ ያላየሁትን ነገር አላስሰብርም ብለው ከፊት ቀደሙ። እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። ቲቸር ዱላውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ፈቃድ እንዳለው፣ ዘንጉ ሽቦውን ሽቅብ ከማቆም፣ ሽቦውም ድምፅ ከመያዝ ሌላ ሥራ እንደሌለው፣ አሁን የሚያነጋግረውም ኬንያ ውስጥ እንደሱው ጋራ ላይ የወጣ ሰው እንደሆነ እየተንተባተበ አስረዳ። ማንም አላመነውም። ሣጥኑ እንደሚቆላ ቆሎ ይንጣጣል።

በኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠየቀው ዝናብ ነው። አባባም እንግዲያ ጠይቀው፣ አገሩ ዘንቧል ወይ አሉ። ሰዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ ዝናባችን የሄደው እዚያ ከሆነ ይታወቃላ። ቲቸር ጠየቀ። መልሱ ሳይመጣ አባባ ክንዱን ያዙት።

“አንተ አትነግረኝም፤ እንደፈለግክ ታዞረዋለህ። ይቺ ትስማ። የኔ ልጅ አትዋሸኝም።”

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ተደረገ። የማውቀው እንግሊዝኛ እፍኝ አይሞላም፤ “ሬይን” ዝናብ መሆኑን ግን ክፍል ውስጥ በሥዕል ተምሬዋለሁ። ሁሉም አፌን ያያል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ “ኖ ሬይን” አለ። ደገመው።

“እሱም ጋ የለም፣ አባባ። እነሱም እየጠበቁ ነው።”

እየጠበቁ መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም፤ ከድምፁ ነው ያወቅኩት።

ዱላዎቹ ቀስ በቀስ መሬት ነኩ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ለኛም ለዚያ ሰውም ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ። አባባን ጥርጣሬው ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ስንወርድ ዞር ብለው፣ ለማንኛውም ደመና ስታይ ሽቦዋን ጠቅልላት አሉት። ቲቸርም መብረቅ ይፈራ ስለነበር በደስታ እሺ አለ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑን ካላስተማርከኝ ብዬ አላስቀምጠው አልኩ።

አባባ አሁን የሉም። ያኔ የጠረጠረ ሰው ጋራ ወጥቶ ፊት ለፊት ይጠይቅ ነበር። አሁን ከቲቸር ጋር ስወጣ ሰው ከሩቅ ፎቶ ያነሳኝና ሳይጠይቀኝ ያልፋል፤ ምን እንደጠረጠረኝ የማውቀው ፎቶው ስር የጻፈውን ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ሳነብ ነው። ዱላም ይዞ ቢሆን መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ይናፍቀኛል።

ስለዚህ ኑ። በራሴ መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጣራው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዚያው ጋራ ላይ ነው። ነፋሱ ክፉ ነውና ጋቢ ደርቡ። የማታምኑኝ ቅደሙ፤ ማዳመጫውን መጀመሪያ የማቀብለው ለናንተ ነው።