በጥፍር ቀለም የተጻፈበት ኪቦርድ

ማንም ሳያስተምረኝ ኮምፒውተር ፈታትቼ መልሼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ፕሪንተር እምቢ ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር የእህቴ ልጅ ቤት ስሄድ፣ የቁልፎቹ ክዳን እየተነቀለ የሚቀየር ኪቦርድ እንደ አዲስ ግኝት አሳየኝ። ቀለሙ ከረሜላ ይመስላል። "ከስተማይዝ አደረግኩት" አለኝ። እኔ ይህን የጨረስኩት እሱ ሳይወለድ ነው።

ዘጠናዎቹ ሊገባደዱ ነበር። በዲቪ መጥቼ መጋዘን እሠራለሁ። ሞርስ ሮድ አጠገብ አዳራሽ ተከራይተን የምናመልክ ጥቂት ሰዎች ለፋሲካ የመዝሙር ወረቀት በአማርኛ ማተም ፈለግን። እስከዚያ የምንዘምረው ከደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ማንበብ እያቃታቸው ዝም ብለው ይቆማሉ። መተየቡን እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ እናት ወሰዱ።

ኪቦርድ መምረጥ የኔ ሥራ ነበር፤ ታክሲ የሚነዳው የመዘምራኑ መሪ መስፍን ግን ካልገባሁ አለ። ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር፣ አሮጌ የቢሮ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አብረን ሄድን። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ለበረዶው ማቅለጫ የተነሰነሰውን ጨው የጠጣ ጭቃ ሆኗል። መስፍን ዶናት እያላመጠ ስለ ኮምፒውተር አስተማረኝ። እሱ ያነሳው ቀጭን፣ ሲጫኑት የረጠበ ዳቦ የሚመስል ነገር ነው። እኔ ያነሳሁት እንደ ጡብ የሚከብድ፣ በየቁልፉ ሥር ሞላ ያለው፣ ክዳኑ በጥፍር ተፈልቅቆ የሚወጣ።

"ይሄ እኮ ጀንክ ነው ታዴ፤ ድምፁ ራሱ የልብስ ስፌት መኪና ነው።"

"አንተ ምን ቸገረህ፤ የምትተይበው አንተ አይደለህ።"

የኔን ገዛን። ሰው ያኔ በወረቀት ቁራጭ ላይ ፊደል ጽፎ ቁልፉ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ በሳምንቱ የእጅ ወዝ ይልጠዋል። እኔ ክዳኖቹን ነቅዬ አጠብኩ፤ በቀይ የጥፍር ቀለም ፊደል ጻፍኩባቸው፤ የአማርኛው ፕሮግራም በየትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ አይቼ በየቦታቸው መለስኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ መረቁኝ።

በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ግን ደወሉልኝ። ስሄድ ስክሪኑን የሰው ቋንቋ ያልሆነ ነገር ሞልቶታል። ለካ መስፍን ክዳኖቹን ነቃቅሎ፣ ልጅ እንደሚማርበት የፊደል ገበታ፣ ከሀ ጀምሮ በተርታ ደርድሯቸዋል።

"ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንዲቀለው ብዬ ነው" አለ አጠገባቸው ቆሞ።

"ክዳኑን ብታዛውረው ከሥሩ ያለው ቁልፍ የሚያውቀው የድሮውን ነው። አሁን እኔና አንተ ኮፍያ ብንቀያየር አንተ እኔን ትሆናለህ?"

እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ። "ኧረ ተወው ልጄ፣ አንድ ታደሰ ይበቃናል።"

መስፍን አሁንም አልገባውም፤ ኪቦርዱን ገልብጦ ሥሩን ያይ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው መዘምራን የሚመራው።

ዛሬ ሳስበው፣ ሰው ላዩን አይቶ ዕቃ የሚመርጠው ሥሩን ለማየት ስለሚሰንፍ ነው። እኔ ሰንፌ አላውቅም። ትክክለኛውን ኪቦርድ መረጥኩ። ክዳኖቹን ሳይመሽ በየቦታቸው መለስኩ። ወረቀቱን ለፋሲካ አደረስኩ፤ ዝም ብለው ይቆሙ የነበሩትን ሽማግሌዎች አዘመርኩ። መስፍንን ከኪቦርድ አራቅኩ። እትዬ ጥሩነሽንም አስለመድኳቸው፤ ከዓመታት በኋላ የጥፍር ቀለሙ ተልጦ ክዳኖቹ ሁሉ ባዷቸውን ሲቀሩ እንኳ፣ ቀና ብለው ሰው እያጫወቱ ይተይቡ ነበር።