ሁለት ግራ ያለው ኮት

የልብስ ሰፊዋ የጣቶች መገጣጠሚያ ማበጥ የጀመረው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነበር። ሐኪሙ "አይድንም፤ ግን አይገድልሽም" አላት። እሷም "እንዲህማ ከሆነ አብረን እናረጃለን" ብላ ሳቀች። እንዳለችውም አብረው አረጁ።

ሞት እንኳ አንዴ ነው የሚመጣው። ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ ቀስ እያለ ዕንባውም ይደርቃል። የእሷ ሐዘን ግን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ተመልሶ አንድ ነገር ነጥቋት ይሄዳል። መጀመሪያ የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ሄደ። ቀጥሎ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ የእጅ ስፌት። አንዱ በሄደ ቁጥር ያን ከሰዓት ሱቋን ዘግታ ታለቅሳለች፤ በማግስቱ ፊቷን ታጥባ ትከፍታለች። የሄደውን ሥራ ታናሽ እህቷ ትረከባለች። እህትየዋ አፏ ይሹል እንጂ እጇስ የተባረከ ነው።

ለልብስ ሰፊዋ የቀራት መቀሱ ነበር። እሱን ለማንም አላስነካም አለች።

ኮት ሲቆረጥ ጨርቁ ሁለት ይታጠፋል። አንዴ ሲቆረጥ የኮቱ ቀኝና ግራ የፊት ክፍል እኩል ይወጣል። የታጠፈውን ጨርቅ መቁረጥ ግን እጇ አልችል አለ። ስለዚህ እህቷ ገበያ እስክትወጣ እየጠበቀች፣ ጨርቁን ነጠላ ዘርግታ፣ አንዱን ፊት ከቆረጠች በኋላ የንድፉን ወረቀት ገልብጣ ሌላውን ትቆርጥ ጀመር። ሁለት ዓመት ማንም አልነቃባትም።

ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ለልጁ ሠርግ ኮት ሊያሰፋ ያመጣው ጨርቅ ሟች ሚስቱ ገዝታ ሳጥን ውስጥ ያኖረችው ነበር። ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። እሱ በሚቆረጥበት ዕለት ጠዋት የልብስ ሰፊዋ ጣቶች እንደ እንጨት ደርቀዋል። አንዱን ፊት ቆረጠች። ሕመሙ ሐሳቧን ወሰደውና ወረቀቱን ሳትገለብጥ ሁለተኛውን ቆረጠች።

እህቷ ከገበያ ተመልሳ ቁራጮቹን አነሳች።

"እታለም፣ ይሄ ሁለቱም ግራ ነው።"

"አያለሁ።"

"ታጥፎ ቢቆረጥ እንዲህ አይሆንም ነበር።"

"አልታጠፈማ።"

እህትየዋ ቁራጮቹን መልሳ አስቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ?" አለች።

"ሁለት ዓመት ይሆናል።"

"ወይ ጉድ! እኔ እዚህ እንደ በር ተገትሬ! ሌባ እንኳ እንዲህ አይደበቅም!"

ፖስተኛው ኮቱን ለብሶ ሊሞክር ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ነገረችው። "ጋሼ፣ ጨርቅዎን አበላሽቼዋለሁ። ሁለቱንም ፊት ግራ አድርጌ ቆረጥኩት።"

ሰውየው ጨርቁን ብዙ ዳሰሰው። "ግራ ለገባው ሰው ግራ ኮት ምን አነሰው?" አለ። ማንም አልሳቀም። "እሷ ብትኖር ትስቅ ነበር። ለመሆኑ ሌላ መላ የለውም?"

መላስ ነበረው። ለውስጥ ማጠፊያው፣ ከፊቱ ጀርባ ለሚሰፋው ሽፋን፣ የተተወ ጨርቅ አለ። ማጠፊያው በሌላ ጨርቅ ከተሠራ፣ ከእሱ አንድ የቀኝ ፊት ይወጣል። ግን ልክ አንድ። መቀሱ ትንሽ ከሳተ አበቃ።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ዘረጋች። ወረቀቱን ገልብጣ፣ እህቷን "እዪልኝ" ብላ፣ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች። መቀሱን አነሳች። ጫፉ ከጠመኔው መስመር ውጭ አረፈ። ልብስ ሰፊዋ መስመሩን አየች፣ ፖስተኛውን አየች፤ ከዚያ ያበጠ አውራ ጣቷን ከመቀሱ ቀለበት ቀስ ብላ አወጣች።

"እንቺ።"

"እኔ? ኮት ቆርጬ አላውቅም እኮ!"

"የታመመው እጄ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው። መስመሩን ተከተዪ። መቀሱን እስከ ጫፉ አትዝጊው፤ ገና ክፍት እያለ ወደፊት ግፊው። ከደነገጥሽ ቁሚ።"

እህትየዋ ሁለት ጊዜ ደንግጣ ሁለት ጊዜ ቆመች። ቀኙ ፊት ደህና ወጣ። ፖስተኛው "በሉ እንግዲህ፣ ሠርግ አለብኝ" ብሎ ሄደ።

እህቷ እንደ ልማዳቸው በሩን ልትዘጋ ተነሳች።

"ተዪው፣ ክፍት ይሁን" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ደግሞ ሌላ ሐዘን መምጣቱ አይቀርም፤ ስንቱን ቀን ዘግቼ እችለዋለሁ?"

እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና አለቀሰች። አንዲት ጎረቤቷ በደጅ ስታልፍ አየቻትና "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አለቻት።

"መቀስ መያዝ ቀረብኝ" አለች፤ ዕንባዋን ሳትጠርግ። "ግቢ፣ አረፍ በዪ።"