አስሩ የዱባ ፍሬዎች

እማማ አስር የዱባ ፍሬ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ደስ አለኝ። አስር ለሙከራ ምቹ ቁጥር ነው፤ የበቀሉትን ስትቆጥር መቶኛው ወዲያው ይታወቃል።

እማማ በልደታ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። የመጡት ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው። እዚያ የዱባው ሐረግ የኩሽናውን ጣሪያ ይሸፍነው እንደነበር ደጋግመው አጫውተውኛል። ዘንድሮ በረንዳቸው ላይ ሊያበቅሉት አሰቡና መቼ እንደሚዘራ ተከራከርን። «ግንቦት ልደታ ሲያልፍ ነዋ! እናቴም የምትዘራው ያኔ ነበር» አሉ። እኔ ደግሞ የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ማብራራት ጀመርኩ። የቆየ ዘር ይደክማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይፈተን። ከግማሽ በታች ከበቀለ ወዲያውኑ ቤት ውስጥ በኩባያ እንጀምራለን፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ግንቦትን እንጠብቃለን።

«አንቺ ካልሽ» ብለው ነበር ዘር ከሚያስቀምጡበት ጣሳ አውጥተው ጥቅሏን ያመጡልኝ።

ፍሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሞቅ የሚለው የፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ጠዋት ስገልጠው ሰባቱ ነጭ ሥር አውጥተዋል። ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት የሙከራውን ፍሬ ከነጨርቁ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩና ከረጢቱን ደረጃው ሥር አውርጄ ተመለስኩ። የእማማን በር አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ሰባ በመቶ! ያለ ሐሳብ ግንቦትን እንጠብቃለን።»

«ተባረኪ! የት አሉ ታዲያ? እስቲ ልያቸው።»

«የሙከራዎቹን ጣልኳቸው። አሁን የሚዘሩትን ያሳዩኝ።»

እማማ የያዙትን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«የሚዘሩት የትኞቹ ናቸው?»

«ጣሳው ውስጥ የቀሩት ናቸዋ።»

«ጣሳው ባዶ ነው እኮ፣ ልጄ። ያለኝን ነው የሰጠሁሽ።»

ለምን አልነገሩኝም ልል ነበር፤ ግን ሲሰጡኝ «ሌላ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም። እሳቸው ደግሞ የመጨረሻዬ ነው ብለው የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

በነጠላ ጫማ ሦስት ፎቅ ወረድኩ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ከረጢቶቹን ጋሪ ላይ ጭነው ሊሄዱ ነው።

«ቆዩ! በናታችሁ ቆዩ!»

«ምነው፣ ወርቅ ጣልሽ እንዴ?» አለች አንዷ።

«ዱባ!»

ከት ብለው ሳቁ፤ ግን ከረጢቴን አውርደው ሰጡኝ። እዚያው መንገዱ ላይ ዘረገፍኩት። ጨርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ተጨማድዷል። ገለጥኩት። ያልበቀሉት ሦስቱ ቀድሞም ሻግተው ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ ተጨፍልቀዋል ወይም ሥራቸው ተቆርጧል። አንዷ ብቻ ደህና ናት።

እማማ ግድግዳውን ይዘው ቀስ እያሉ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ፍሬዋን መዳፌ ላይ ይዤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ግንቦት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ግንቦትን ተዪውና አፈር አምጪ! ሥሯ ሳይደርቅ።»

በዚያው ጠዋት፣ ሚያዝያ ገና ሳይጋመስ፣ በባዶ የቀለም ባልዲ ተከልናት። የተከሏት እማማ ናቸው፤ እኔ ባልዲውን ብቻ ያዝኩ።

አሁን ሁለት ቅጠል አውጥታለች። እማማ ውኃ ሲያጠጧት እየጠሩ ያሳዩኛል። እኔ ግን እስካሁን ልነካት አልደፈርኩም።